አበልጃችን የሠሯት መኪና ዛሬም ታንኳኳለች

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ከርመሻል እህቴ? የኔ ነገር ሌሎች ከሚጽፉልሽ ጭንቀት አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። አንዲት የቆየች ቪትዝ አለችን። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ስለሚሄድ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርስባትም፣ ሥራ የምሄድባትም እኔ ነኝ።

ከሦስት ወር በፊት ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከጎማው አካባቢ፣ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ጀመራት። አበልጃችን፣ የትንሹ ልጃችን የክርስትና አባት፣ ጋራዥ አላቸው። ወስጄ አሳየኋቸው፤ «አሞርዛተሩ አልቋል» አሉኝ፤ መኪናዋ ስትነጥር ንጥረቷን የሚያበርደው ዕቃ ነው። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር የፊቶቹን ሁለቱንም አስቀየርኩ። ዕቃውም የእጁም ተደምሮ 27 ሺህ ብር ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው ያው ድምፅ ተመለሰ። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ፣ መጀመሪያውኑ የሄደም አይመስለኝም።

ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በመጀመሪያው የጋራዡ ልጆች የሆነ ነገር አጥብቀው ሸኙኝ። በሁለተኛው አበልጃችን ራሳቸው ነድተዋት ዞረው መጡና «ምንም የላትም፤ ጆሮሽ ለምዶት ነው» አሉኝ። ሠራተኞቹም ሳቁ። ባለቤቴ ደግሞ «ቴፑን ከፍ አድርጊው፤ ለድምፅ ብለሽ ከሰውዬው ጋር እንዳታቀያይሚኝ» ይለኛል። ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ስለው ተቆጣ። ባለፈው ሰኞ የ8 ዓመቷ ልጄ ከኋላ ሆና «እማዬ፣ መኪናችን ዛሬም በር እያንኳኳች ነው» ስትለኝ ዕንባዬ መጣ። ተደብቄ ሌላ መካኒክ ጋ ልሂድ? ችዬ ልንዳት? ወይስ እውነትም ጆሮዬ ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከሰሚት

---

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጆሮሽ አይደለም። አንቺ ሳትነግሪያት፣ ከኋላ ወንበር ሆና ድምፁን የሰማች የ8 ዓመት ልጅ አለችልሽ። ልጅ ይሉኝታ ይዟት የሰማችውን አትደብቅም፣ ያልሰማችውንም እናቷን ደስ ይበላት ብላ አትፈጥርም። አንቺም ብትሆኚ ያቺን መኪና በየቀኑ ጧትና ማታ የምትነጂ ሰው ነሽ። ከሰላምታዋ ጀምሮ የምታውቂያት መኪና ስትለወጥብሽ ታውቂያለሽ። ሰዎቹ ሲስቁ ያመመሽን ያህል፣ እኔንም ሳነበው አሞኛል።

ስለ አበልጃችሁ ከማውራታችን በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊልኝ። ቤትሽ አጠገብ ያለ ጎሚስታ ጋ ጎራ በይ። አሞርዛተር ሲቀየር የፊት ጎማዎቹ ይወልቃሉ፤ ሲመለሱ ዳዶዎቹ በደንብ ሳይጠብቁ ቀርተው ወይም ከቀናት በኋላ ላልተው ጎማው የሚያንኳኳበት ጊዜ አለ። ዳዶዎቹን በቁልፍ ይፈትሽልሽ። ከዚያ በክሪክ ያንሳትና የቀኙን ጎማ አንዴ ከላይና ከታች፣ አንዴ ከግራና ከቀኝ ይዞ ይነቅንቀው። ከተወዛወዘ ወይም ከተንኳኳ ልጆቹን ጭነሽ አትንጂያት። ቴስቲናው፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘው ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ፣ ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቴስቲና ጨርሶ ከለቀቀ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝልሽም። ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ድምፅ ከዚህ ቀላል ከሆነ ነገር ነው የሚመጣው። ነገር ግን ፍተሻው ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ አንቺም ዛሬ ማታ ትተኛለሽ። ጎማው ባይወዛወዝም ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ያለቀ ቴስቲና በእጅ ሲነቀነቅ ሳይታወቅ የሚያመልጥበት ጊዜ ስላለ፣ መካኒክ በብረት ፈልቅቆ ማየት አለበት። መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ወይም ድምፁ በድንገት ከጨመረ ግን ጥግ አስይዘሽ አቁሚያት።

አሁን ወደ ልብሽ ጉዳይ እንምጣ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። አንቺና አበልጃችሁ ያንን ድምፅ አንድም ቀን አብራችሁ አልሰማችሁትም። አንቺ ሰሚት ሰምተሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እሳቸው ብቻቸውን ጋራዡ አካባቢ ዞረው ይመጣሉ። በየትኛው መንገድ ነበር የዞሩት? አስፋልት ከነበረ፣ ኮብልስቶን ላይ ብቻ የሚመጣ ድምፅ እዚያ አይመጣላቸውም። የተቀመጡትስ የት ነው? መሪው ጋ፣ በግራ። አንቺ የምትዪው ድምፅ ደግሞ ከቀኝ፣ ከተሳፋሪው እግር ሥር ነው። ስለዚህ «ምንም የላትም» ሲሉሽ አልዋሹም ይሆናል። እሳቸው በነዷት መንገድ፣ በተቀመጡበት ወንበር፣ ምንም አልነበራትም።

ይህን ለምን እንዲህ ረግጬ እንደምናገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የኔም መኪና እንዲሁ ታንኳኳ ነበር። አንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ የተለያየ ዕቃ ቀየረልኝ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነበር። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። መፍቻ እንኳ አላነሱም። አጠገቤ ተቀመጡና «ሁልጊዜ በምትሄጂበት ውሰጂኝ» አሉኝ። ስንመለስ የወንድሜን ልጅ ጠርተው የመኪናዋን አፍንጫ ጫን ለቀቅ እንዲያደርግ ነገሩት። እሳቸው ከጎማው ኋላ እጃቸውን አስገብተው ሁለት ጣታቸውን አንዲት ቀጭን ዘንግ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ሳይናገሩ የኔን እጅ ይዘው እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጡት። ልጁ መኪናዋን በጫናት ቁጥር ከጣቴ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ቀጭ ትላለች። የስታቢላይዘር ዘንግ ነበረች፣ መኪና ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚረዳው ክፍል ማያያዣ፣ ከክንዴ የማትረዝም። እሷ ተቀየረችና ድምፁ ጠፋ። ከመጥፋቱ በላይ ልቤን ያሳረፈው ግን እጄን ይዘው ማስነካታቸው ነው። የምሰማው ነገር እውነት እንደሆነ በጣቴ ነካሁት።

ለአበልጃችሁ ደግሞ ፍርድ እንስጣቸው። ከቪትዝ የመጀመሪያዎቹ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያንቺም የቆየች ናት ብለሻል። በእንዲህ ያለች መኪና ውስጥ አንድ ዕቃ ብቻውን አያልቅም፤ አሞርዛተሩ ሲደክም አብረውት የኖሩት ቡሽ የሚባሉት ላስቲኮች፣ ቴስቲናዎቹና የስታቢላይዘሩ ዘንጎችም አብረው ይደክማሉ። ስለዚህ አሞርዛተሩ በእርግጥ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ድምፁ ግን የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ አይተሽው ነበር? በዘይት ርሶ ከነበረ ገንዘብሽ በከንቱ አልፈሰሰም ማለት ነው። አሁንም ካልተጣለ «ያሳዩኝ» ብትዪ ነውር የለበትም።

ሌላም አለ። የጋራዡ ልጆች ሲገጥሙ የላይኛው ዳዶ ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ ወይም ሞላው ቦታው ላይ በትክክል ሳይቀመጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ አሞርዛተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ሳይቀየር አሮጌው ተመልሶ ገብቶም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የሚደረግ ነው። ጋራዥ ውስጥ ባለቤቱ ያያል፣ የሚፈታውና የሚገጥመው ግን ልጁ ነው። አበልጃችሁ «ምንም የላትም» ሲሉ የልጁን ሥራ በዓይናቸው አላዩት ይሆናል። ይህንን በር ክፍት ተይላቸው፤ የሰው ክብር ሳይነካ ስህተት የሚታረምበት በር ነው።

አበልጃችሁን ቅዳሜ ወደ ቤታችሁ ትጠሪያቸዋለሽ፤ እስከዚያ ድረስ ጥቂት ነገር አስተውዪ። ድምፁ ከአሞርዛተሩ በፊት የነበረው ራሱ ነው ወይስ መልኩን ለውጧል? የተለወጠ ከሆነ አገጣጠሙ ላይ የተፈጠረ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያው ራሱ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሽታው ሌላ ነበር። ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያንኳኳው፣ ወይስ ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ዷ» ይላል? ቶሎ ቶሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘሩ ዘንግ ነው፤ አንዴ ወፈር ብሎ የሚመጣው ቡሹን ወይም ያንን የላይኛውን ላስቲክ ያስጠረጥራል። ቆመሽ መሪውን ስታዞሪስ ይሰማል? ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብለሽ እየሄድሽ ፍሬኑን በትንሹ ስትነኪው ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ከፍሬን ሸራው ጋር ሊገናኝ ይችላል። መኪናዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላት ከሆነች ይህንንም ለመካኒኩ ንገሪው፤ የመሪው ሥር ሌላ መፈተሽ ያለበት ቦታ ነው። አጥር ጥግ ጥጉን መስኮት ከፍተሽ ብትሄጂ ድምፁ ከግንቡ ነጥሮ ስለሚመለስ አጥርቶ ይሰማሻል። ስልክሽን ከተሳፋሪው ወንበር ሥር አስቀምጠሽ ቅጂው፤ እየነዳሽም በቃልሽ «አሁን ኮብልስቶን ነው፣ አሁን ጉብታው ነው» በይ። ይህን ሁሉ መካኒክ ልትሆኚ ብለሽ አይደለም። «ያንኳኳል» ብሎ ከመግባት «ኮብልስቶን ላይ፣ በቀስታ፣ በቀኝ በኩል፣ መሪ ሳይዞር ያንኳኳል» ብሎ መግባት የመካኒኩን ግማሽ ሥራ ስለሚያቀልለት ነው።

አሁን ጥሪው። ደውዪላቸውና እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ሥራዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ድምፁ እኛ ሰፈር ውስጥ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እኔም ማስረዳት አቃተኝ። ቅዳሜ ክርስትና ልጅዎንም ያዩታል፣ እኛ ቤት ቡና ይጠጡና አብረን አንዴ እንዞራለን።» አበልጅ ለቡና ሲጠራ እምቢ አይልም። እዚያ ደግሞ የሚስቅ ሠራተኛ የለም። ጋራዡ ግቢ ውስጥ፣ ሠራተኞቻቸው ፊት፣ «አልሠሩልኝም» የተባሉ ሽማግሌ ስማቸውን ለመከላከል ይገደዳሉ። ቤትሽ ከቡና በኋላ ግን የልጅሽ ክርስትና አባት ናቸው።

አንቺ ንጂ። እሳቸው በቀኝ ይቀመጡ። ስትነጂ አትናገሪ፣ አታስረጂ፣ «ይኸው ሰሙት?» አትበዪ። መንገዱ ራሱ ይናገር።

ሰምተው ካመኑ የገንዘቡን ጉዳይ እዚያው አንሺው፤ ቆይቶ ሲነሳ ነው ቅሬታ የሚሆነው። ችግሩ አገጣጠም ላይ ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ሳትጠይቂ ያስተካክሉታል ብዬ አምናለሁ። ሌላ ዕቃ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን አንቺ መግዛትሽ ተገቢ ነው፤ ስለ እጅ ዋጋው ግን «ጋሼ፣ ያኔ የመጣሁት ለዚህ ድምፅ ስለነበር የእጁን ይተውልኝ» ብትዪ ትክክል ነሽ። ዕቃው ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ከሆነ ደረሰኝና የሻጩን ዋስትና ያዢ። ባገራችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 813 የሆነው አዋጅ ለዚህ ዓይነት ነገር ነው። አንቺ ግን በአበልጅሽ ላይ አዋጅ የምትጠቅሺበት ደረጃ ላይ አልደረስሽም፤ ደረሰኙን የምትይዢው ለራስሽ ነው።

ወደፊት ለሚመጣው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጋራዥ ስትገቢ «አሞርዛተር ቀይሩልኝ» አትበዪ፤ «ይህ ድምፅ እንዲጠፋልኝ ነው የመጣሁት» በይ። በመጀመሪያው አባባል ዕቃ ነው ያዘዝሽው፣ እሱም ተቀይሮልሻል። በሁለተኛው አባባል ግን ሥራው የሚያልቀው ድምፁ ሲጠፋ ነው።

ሰምተው «አይ፣ ይህማ የመንገዱ ነው» ቢሉስ? ያኔ ሌላ ጋራዥ ሂጂ። ክህደት አይደለም። ሰው ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሲሄድ የመጀመሪያውን ጠላ ማለት አይደለም፤ መኪናሽም የልጆችሽን ነፍስ የምትሸከም ናት። ተደብቀሽ ግን አትሂጂ። አዲስ አበባ ሰፊ ብትሆንም መካኒኮች ይተዋወቃሉ፣ አንድ ቀን ወሬው ሲደርሳቸው ከድምፁ በላይ መደበቅሽ ይጎዳቸዋል። «ጋሼ፣ ልጆቹን ስለምጭንባት ልቤ አላርፍ ብሎኝ ሌላ ሰው ላሳያት ነው፤ ያገኘውን እነግርዎታለሁ» ማለት ይበቃል። እዚያ ስትደርሺ ለምርመራው ብቻ ከፍለሽ አስፈትሺ። አበልጃችሁ ምን እንዳሉ፣ ምን እንደተቀየረ አስቀድመሽ አትንገሪ፤ ራሱ ያግኘው። ሲያገኘው ደግሞ «አስነካኝ» በይው። ሳያሳይሽ የዕቃ ስም ዝርዝር የሚጽፍልሽ ከሆነ ቁልፍሽን ተቀበዪና ውጪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። «ቴፑን ከፍ አድርጊው» ያለው አንቺን ንቆ አይመስለኝም። የሚያከብራቸው ሰው በመሃል አሉ፤ ሊያጣቸው ፈርቷል። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፦ በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ያቺን መኪና ስንት ቀን ተሳፍሮባታል? በሰርቪስ የሚሄድ ሰው በየጧቱ ሁለት ልጆች ጭኖ የሚያንኳኳ ጎማ ላይ መንዳት ምን እንደሚመስል በወሬ አይገባውም። ስለ ገንዘቡም፣ ስለ አበልጁም አትከራከሪው። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ «ድምፁን ብቻ አይደለም የምፈራው፤ የምሰማውን ማንም አልሰማልኝም፣ እሱ ነው ያስለቀሰኝ» በይው። በዚህ ቃል። ከዚያ ቅዳሜ አብሯችሁ እንዲወጣ ጠይቂው። ጥሪውንም እሱ ቢደውል ይሻላል ካለ ይደውል፤ መሪውን ግን አንቺ ነሽ የምትይዢው።

ጎሚስታው ዛሬ ዳዶውንና ጎማውን ካየልሽና ምንም ከሌለው፣ ቅዳሜም ከመውጣታችሁ በፊት አበልጃችሁ ቴስቲናውን በብረት ፈልቅቀው አይተው ደህና ከሆነ፣ በሰፈራችሁ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። አበልጃችሁን ከፊት በቀኝ አስቀምጪ፣ ባለቤትሽን ከኋላ። ሴት ልጅሽንም ከአባቷ አጠገብ ቀበቶ አስረሽ አስቀምጫት፤ ድምፁ ሲመጣ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።